ወይ ይሩጥ፣ ወይ ያፍቅር?

ስለ ሩጫ ፊልም አስተያየት ለሚሰጥ ሰው ኮተቤ መኖር መጥፎ አይደለም። ሌላው የከተማ ነዋሪ ሯጭ የሚያየው በቴሌቪዥን፣ ያውም ኦሊምፒክ ሲደርስ ነው፤ እኛ ግን ታክሲ ስንጠብቅ እናያቸዋለን። ከላምበረት እስከ ካራ ባለው መንገድ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የቆመ ሰው፣ ቱታ ለብሰው በሁለት በሦስት ሆነው ወደ ጫካው የሚወጡትን፣ ወይም ወደ ሰንዳፋ አስፋልት የሚወስዳቸውን መኪና የሚጠብቁትን ልጆች ሳያይ አይቀርም። ፊታቸውን እናውቀዋለን፤ ስማቸውን አናውቅም። አንዳንዱ ከጊዜ በኋላ ስሙ በሬዲዮ ይጠራል፤ ያን ጊዜ «ይኼ እኮ ያ ቀጭኑ ልጅ ነው!» እንባባላለን። አብዛኞቹ ግን ስማቸው ሳይጠራ አንድ ቀን ከመንገዱ ይጠፋሉ።

ይህን ያነሣሁት ለጉራ አይደለም። (ትንሽ ለጉራም ነው።) የፊልም ባለሙያ አይደለሁም፤ ስለ ካሜራና ስለ መብራት ለሚጠይቀኝ መልስ የለኝም። ተራ ተመልካች ነኝ፤ ትኬት ቆርጦ የሚገባ፣ ትኬት መቁረጫ ሲያጣ ከጓደኛው በፍላሽ የሚገለብጥ፣ ከዚያም ታክሲ ውስጥ ሆኖ እስኪወርድ ድረስ የሚከራከር ዓይነት። ባለፉት ወራት የስፖርትና የፍቅር ፊልሞች ደራርቤ አየሁ፤ አዲሶቹን ብቻ ሳይሆን ለማወዳደሪያ ያህል አሮጌዎቹንም ጨመርኩ። ሳምንቱን ሙሉ ዶርማችን ውስጥ የተነሣው ክርክር ነው ይህን ያስጻፈኝ።

የክርክሩ ምንጭ አንድ የዶርማችን ፈላስፋ ነው። እንዲህ አለ፦ «የስፖርት ፊልም ውስጥ ፍቅር ከገባ ፊልሙ ተበላሸ። የፍቅር ፊልም ውስጥ ስፖርት ከገባ ደግሞ ልጁ ደረቱን እንዲያሳየን ነው። ወይ ይሩጥ፣ ወይ ያፍቅር!» ሁላችንም ሳቅን። እያደር ሳስበው ግን ነገሩ ቀልድ ብቻ አልሆነልኝም። ፊልም ሠሪዎቹ ራሳቸው አብዛኞቹ ይህንኑ የሚያምኑ ይመስላሉ። ከፊልም ቤት ውጭም ቢሆን ከገጠር ለሩጫ የመጣች ልጅ የሚነገራት ይኸው ነው፤ «አንዱን ምረጪ»። እኔ በበኩሌ ተቃራኒውን ነው የምለው። የሩጫ ፊልሞቻችን ሩጫውን በቅጡ ያላሳዩን ፍቅሩን ከውስጡ ስላወጡት ነው፤ የፍቅር ፊልሞቻችንም ፍቅሩን ያላሳዩን ሥራውን ስላወጡት ነው።

(የአገራችንን ነገር በራሳችን ዘመን አቆጣጠር፣ የውጭውንና በውጭ አገር ፌስቲቫል የታወቁትን ፊልሞች እ.ኤ.አ. እያልኩ እጽፋለሁ።)

ከ1957 ዓ.ም. ልጀምር። ጥቅምት 11 ቀን አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ አምስት ሳምንት በኋላ በቶኪዮ ማራቶንን 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በሆነ ጊዜ አሸነፈ። በዚያ የነበረው ጃፓናዊ የፊልም አዘጋጅ ኮን ኢቺካዋ እ.ኤ.አ. በ1965 «ቶኪዮ ኦሊምፒያድ» የተባለውን ፊልም አወጣ። በዚያው በ1957 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ረጅም ልብ ወለድ ፊልም ተብሎ የሚጠቀሰው «ሂሩት አባቷ ማነው?» ተሠራ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ስለ አንድ ኢትዮጵያዊ ሯጭ ከተሠሩት ሁሉ በእኔ ግምት የሚበልጠው የፊልም ቁራጭና የአገራችን የሴት ልጅ ዕጣ ፊልም በአንድ ዓመት ተወለዱ። አንዱ ጃፓን፣ አንዱ እዚህ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ መንገዶች የተገናኙበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ኢቺካዋ ምን አደረገ? ምንም አላደረገም ማለት ይቻላል። ካሜራውን አበበ ፊት ላይ አሳርፎ ቆየ። ሌላው አዘጋጅ ሕዝቡን፣ ባንዲራውን፣ ሰዓቱን ያሳይ ነበር፤ እሱ ግን ያንን ምንም የማይናገር ፊት፣ ከአገጩ የሚንጠባጠበውን ላብ፣ ዓይኑ ፊት ለፊት ተተክሎ መቅረቱን ያሳየናል። የሚቀድመውም የሚከተለውም ሰው የለም። ብቻውን ነው። ተመልካቹ መጀመሪያ «መቼ ነው የሚያልቀው?» ይላል፤ ቀጥሎ አብሮ መተንፈስ ይጀምራል። ሩጫ ማለት ይኼ ነው፤ ረጅም፣ አሰልቺ፣ ሌላ ሰው የማይገባበት ነገር። ታሪክ ሳይነገረን፣ ስለ ልጅነቱ አንድ ቃል ሳንሰማ ሰውየውን ያወቅነው ይመስለናል።

ከዚያ ወዲህ የመጡት የስፖርት ፊልሞች ግን መሰልቸትን ይፈራሉ። ልምምዱ ሲደርስ ሙዚቃ ይለቀቃል፤ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ክረምት በጋ ይሆናል፤ ደካማው ጎበዝ ሆኖ ብቅ ይላል። እ.ኤ.አ. የ1981ዱን «ቻሪዮትስ ኦፍ ፋየር» ያየ ሁሉ የሚያስታውሰው ባሕር ዳር የሚሮጡትን ነጭ ለባሾችና የቫንጀሊስን ሙዚቃ ነው። ፊልሙ ምርጥ ፊልም የተባለበትን ጨምሮ አራት ኦስካር ወስዷል፤ ጥሩ ፊልምም ነው። እሑድ አልሮጥም ያለው የኤሪክ ሊዴል ነገር ለእኛ አገር ሰው ቶሎ ይገባል፤ ሰንበትን ስለማክበር ለኢትዮጵያዊ ማብራሪያ አያሻውም። ነገር ግን ሙዚቃው ድካሙን ሁሉ ይበላዋል። አንዲት በግቢያችን የምትሮጥ ጓደኛችንን «የሩጫ ፊልም ስታዪ መጀመሪያ ምን ታያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ጫማ» አለችኝ። እንዴት? «ጫማው አዲስ ከሆነ ልጁ ውሸታም ነው። ሲሮጥ የኖረ ሰው ጫማ በአንድ ወገን ይበላል።» ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም ጫማ ጫማ እያየሁ ፊልሙ ያመልጠኝ ጀምሯል።

የውጭ ሰዎች ስለ እኛ ሯጮች የሠሯቸውን ስንመለከት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ለሕዝብ የቀረበው «ኢንዱራንስ» አለ፤ የኃይሌ ገብረሥላሴ ሕይወት። ኃይሌ ራሱን ሆኖ ይሠራል፤ ልጅነቱን የሚሠራው የወንድም የእኅት ልጅ፣ የገዛ ዘመዱ ነው። ደብተሩን በክንዱ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጠው ልጅ፣ የእናቱ ሞት፣ ገበሬው አባት፣ መጨረሻ ላይ አትላንታና የ10 ሺህ ሜትሩ ወርቅ። አርሲን እንዲያ አድርጎ ያሳየ ፊልም ብዙ አላየሁም፤ ጭጋጉና ጭቃው ከስክሪኑ ወጥቶ እግር ላይ የሚያርፍ ይመስላል። ነገር ግን ፊልሙ የሚያየው ከድህነት ወደ ሜዳሊያ የሚወስደውን ቀጥ ያለ መንገድ ነው። ሰውየው በመንገዱ ላይ ከማን ጋር እንደ ኖረ፣ ማን እንደ ጠበቀው ለማየት ጊዜ አልነበረውም።

ነገሩ የሚያስቀው ምኑ ነው? ያ ሰው በኋላ ቦሌ መንገድ ላይ ሕንፃ ሠራ፤ ሕንፃውን በሚስቱ ስም ዓለም አለው፤ ውስጡም ሲኒማ ቤት ከፈተ። ዓለም ሲኒማ። ለአሥር ሺህ ሜትር የተፈጠረ ሰው ባገኘው ገንዘብ በሚስቱ ስም የሚጠራ ፊልም ማሳያ ሲያቆም፣ ከዚህ የበለጠ የስፖርትና የፍቅር ፊልም ከወዴት ይመጣል? በዚያ አዳራሽ ስንቱ የፍቅር ፊልም ታየ! የስሙን ታሪክ ግን አንዱም አላነሣውም።

«አትሌቱ» ከዚህ ይለያል። ረሰላስ ላቀውና ዴቪ ፍራንክል እ.ኤ.አ. በ2009 የሠሩት ይህ የአበበ ቢቂላ ፊልም ኢትዮጵያ ለኦስካር ውድድር ያቀረበችው የመጀመሪያ ፊልም ነው። ብልኅነቱ ሮምና ቶኪዮ ላይ ብቻ አለመቆሙ ነው። በጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግር የተሮጠውን ሁሉም ያውቀዋል። ፊልሙ ግን ከ1961ዱ የመኪና አደጋ በኋላ ወዳለው አበበ ይሄዳል፤ እግሩ አልታዘዝ ወዳለው ሰው፣ እንግሊዝ አገር ሆስፒታል ወደ ተኛው፣ ቀስት መወርወር ወደ ተማረው፣ ኖርዌይ በረዶ ላይ ውሻ በሚጎትተው ጋሪ ወደ ተወዳደረው። ሯጭን ያለ ሩጫ ማሳየት ትልቅ ድፍረት ነው፤ ይህን ፊልም የምወደው ለዚህ ነው። ቅር ያለኝን ደግሞ ልናገር። ከፊልሙ ስወጣ ፊታቸው አብሮኝ የወጣው አሠልጣኙ ኒስካነን፣ ነርሷና መንገድ ላይ የሚያገኛቸው ቄስ ናቸው። የባለቤቱ ፊት አብሮኝ አልወጣም። አራት ዓመት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የኖረ ሰው ቤቱ ውስጥ ማን አነሣው? ማን አስተኛው? የዚያን ጊዜ ፍቅር ምን ዓይነት ነበር? ለእኔ ከቀስቱም ከበረዶውም ይልቅ ፊልሙ እዚያ ቤት ውስጥ ነበር።

ወደ ቅርብ ጊዜዎቹ ልለፍ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት የሩጫ ፊልሞች በአማርኛ መጡ። አንዱ የአምለሰት ሙጬ «ምን አለሽ?» ነው። ሰላም የምትባል የ21 ዓመት የመርካቶ ልጅ በሩጫ የራሷንና የቤተሰቧን ኑሮ ለመለወጥ ስትታገል የሚያሳይ ነው። ሯጭ ሲባል አርሲ ሜዳ ላይ ከፈረስ ጋር ሲሽቀዳደም ብቻ ለሚታየው ሰው፣ ከመርካቶ ግርግር ውስጥ የምትወጣ ሯጭ አዲስ ነገር ናት፤ በዚህ ደስ ብሎኛል። ይበልጥ የያዘኝ ግን ርእሱ ነው። መርካቶ ውስጥ አሮጌ ብረት፣ ቆርቆሮ፣ ጠርሙስና ጀሪካን እንደገና ሥራ ላይ የሚውልበት ምናለሽ ተራ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ርእሱ ያንን ያስታውሳል። ታዲያ «ምን አለሽ?» ብላችሁ ጻፉና ለጓደኛችሁ አሳዩት። አንዱ «ለ»ን አጥብቆ ያነበዋል፤ ምን ይዘሻል፣ ኑሮሽ ምንድን ነው እንደ ማለት። ሌላው አላልቶ ያነበዋል፤ ልጁ ምን ብሎ ነገረሽ እንደ ማለት። የመጀመሪያው የስፖርት ፊልም ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው የፍቅር ፊልም ጥያቄ። ፊደላችን ማጥበቂያ ምልክት ስለማይጽፍ ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ላይ ቁጭ ብለዋል። እኔ የምመኘው ፊልም እንደዚህ ርእስ ሁለቱንም በአንድ አፍ የሚጠይቅ ነው። «ምን አለሽ?» ራሱ አጥብቆ ወደሚነበበው ያደላል፤ ድህነትና ጽናት። ያንን በቅንነት ይሠራዋል፤ የላላውን ጥያቄ ግን ገና የሚጠይቅ አልተገኘም።

ሁለተኛው ጀርመናዊው ያን ፊሊፕ ቫይል ያዘጋጀው፣ በእንግሊዝኛ ርእሱ «ራኒንግ አጌይንስት ዘ ዊንድ» የሚባለው ነው። ይህም ኢትዮጵያን ወክሎ ለኦስካር ቀርቦ ነበር። አንድ መንደር ያደጉ ሁለት ልጆች፤ አብዲ ሯጭ መሆን ይፈልጋል፣ ሰሎሞን ካሜራ ያያል፣ ከዚያች ቀን ወዲያ ከካሜራ በስተቀር ነገር አይታየውም። ሰሎሞን ወደ አዲስ አበባ ይጠፋል። ከዓመታት በኋላ አንዱ በሩጫ እየወጣ፣ አንዱ በከተማው ጭቃ ውስጥ ከነቤተሰቡ እየታገለ ይገናኛሉ። አንዳንድ ቦታ ላይ የከተማው ክፋት ከልክ በላይ ተጭኖብኛል፤ በችግር ላይ ችግር፣ በዱርዬ ላይ ዱርዬ። የሁለቱ ልጆች ነገር ግን ይይዛል። አንዱ የሚሮጥ፣ ሌላው የሚያይ መሆኑ ራሱ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ሯጭ የሚያየው ሰው ያስፈልገዋልና።

እዚህ ላይ ከልብ ወለድ ወጣ ብዬ አንድ ዘጋቢ ፊልም ላንሣ። የጄሪ ሮዝዌል «ታውን ኦፍ ራነርስ» (እ.ኤ.አ. 2012) በቆጂን ያሳያል፤ ደራርቱን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን ያወጣችውን ከተማ። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ልጆቹን በጠዋት ሲሰበስባቸው፣ ሁለት ጓደኛሞች አብረው ሲሮጡ፣ ከዚያም ወደ ተለያዩ የሥልጠና ማዕከላት ተልከው ሲለያዩ እናያለን። ሜዳሊያ የለም። ሁለት ልጃገረዶች አንዷ ሌላዋ ስትናፍቃት ነው ያለው። እኔ ባየኋቸው የሩጫ ፊልሞች ውስጥ ፍቅርን የሚያህል ነገር ያገኘሁት እዚህ ነው፤ የወንድና የሴት ባይሆንም። ሁለቱ እንዴት ነው የሚዋደዱት? ጎን ለጎን እየሮጡ። አይተያዩም፤ አይነጋገሩም፤ አንዷ የሌላዋን ትንፋሽ ትሰማለች።

ይህች ነጥብ ወደ ፍቅር ፊልሞቻችን ታሻግረኛለች። የአማርኛ የፍቅር ፊልም ስንል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ምንድን ነው? ሁለት ሰዎች ካፌ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ጁስ ይዘው ይተያያሉ። ይተያያሉ፣ ይተያያሉ፤ ማስንቆ ወይም ፒያኖ ይገባል። ልጁ ባለ ቪላ ነው፤ ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ አይነገረንም። ልጅቷ ትማራለች ይባላል፤ ደብተር ይዛ ግን አናያትም። ጧት ተነሥቶ ሥራ የሚሄድ ሰው የለም። ሥራ ካለም «ቢሮ» ይባላል፤ ጠረጴዛና የሚሽከረከር ወንበር ነው። እኛ ሥራ ሳይኖረው የሚያፈቅር ሰው አናውቅም። ማለቴ እናውቃለን፤ እኛ ራሳችን ነን፤ ነገር ግን ጁሱን ማን ይከፍላል?

ለዚህ ነው የሔርሞን ኃይላይን «ፕራይስ ኦፍ ላቭ» (እ.ኤ.አ. 2015) ያከበርኩት። ቴዲ የአዲስ አበባ ባለ ታክሲ ነው፤ ፈሬ የምትባል በሴተኛ አዳሪነት የምትተዳደር ልጅን ከቀድሞ ወዳጇ ጋር ባላት ጠብ ውስጥ ገብቶ ሲረዳ ታክሲው ይሰረቅበታል። አለቀ፤ ፍቅሩና ሥራው ተያዙ። ከዚያ ወዲያ ቴዲ ስለ ፈሬ ባሰበ ቁጥር ስለ ታክሲው ያስባል፤ ስለ ታክሲው ባሰበ ቁጥር ስለ እሷ። ይህ እኮ እውነት ነው! የሰው ልብ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ከእንጀራው ተለይቶ አይቀመጥም። ፍቅሩ ያሳዘነኝ የታክሲው ዕዳ ስለገባኝ ነው።

የውጭዎቹ ይህን ነገር ቀድመው አውቀውታል። «ሮኪ»ን (እ.ኤ.አ. 1976) የቡጢ ፊልም ነው ብለን እናልፈዋለን። ሮኪ አድሪያንን ይዟት የሚወጣው ወዴት ነው? ወደ ተዘጋ የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ፤ ለአሥር ደቂቃ ከፍሎ። እሷ ትንሸራተታለች፣ እሱ በጫማው ጎን ጎኗን ይራመዳል፤ ያወራል፣ ይተነፍሳል። ሁለቱም ጎን ለጎን ናቸው። መጨረሻ ላይም ዳኞቹ ነጥብ ሲያነቡ (የተሸነፈው እሱ ነው!) እሱ አይሰማም፤ ስሟን እየጠራ ይፈልጋታል። የዶርማችን ፈላስፋ «ፍቅር ከገባ ተበላሸ» ያለው ይህን ፊልም ረስቶ ነው። እ.ኤ.አ. የ2000ው «ላቭ ኤንድ ባስኬትቦል» ደግሞ ራሱን እንደ ጨዋታ አራት ሩብ አድርጎ ከፍሎ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጎረቤት የሆኑ ሁለት ተጫዋቾችን ያሳያል፤ ልጅቷ ልጁን ለልቡ ስትል አንድ ለአንድ ትገጥመዋለች። መጨረሻው ላይ ሜዳ ላይ ያለችው እሷ ናት፤ ልጃቸውን አቅፎ የሚመለከተው እሱ። ይህ ብቻ እንኳ ሙሉ ትኬት ያዋጣል።

ከነዚህ ሁሉ አዲሱ የጓዳኒኖው «ቻሌንጀርስ» (እ.ኤ.አ. 2024) ነው፤ ግቢያችን ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የዞረው። ታሺ ጉልበቷ ተጎድቶ ቴኒስ መጫወት ሲያቅታት የባሏ አሠልጣኝ ትሆናለች፤ የቀድሞ ወዳጇ በሌላ በኩል መረቡን ተሻግሮ ቆሟል። ሙዚቃው ያደነቁራል፤ ጊዜው ወዲያ ወዲህ ይዘላል፤ ሦስቱንም ወድጄ አልወደድኳቸውም። ነገር ግን አንድ ነገር በትክክል አሳየኝ። አሠልጣኝና ሚስት አንድ ሰው ሲሆኑ የት ላይ ፍቅሩ አብቅቶ የት ላይ ሥራው እንደሚጀምር ማንም አያውቀውም፤ እነሱም አያውቁትም። ይህን ሳይ ሐሳቤ ወደ እኛ መንገድ ነው የመጣው።

ምክንያቱም እኛ አገር ይህ ልብ ወለድ አይደለም። የሲድኒው የማራቶን ባለ ወርቅ ገዛኸኝ አበራና በአቴንስ ማራቶን አራተኛ የወጣችው እልፍነሽ ዓለሙ የተጋቡት እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ ነው፤ 25 ሺህ ያህል ሕዝብ እያያቸው። ሠርግ በስታዲየም! ይህን አንድ ደራሲ ቢጽፈው አጋነንክ እንለው ነበር። ሁለቱም 42 ኪሎ ሜትር የሚሮጡ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ደክመው የሚገቡበት ቤት፣ አንዱ ሲጎዳ ሌላው ለልምምድ የሚወጣበት ጧት፣ አንዱ ያሸነፈበትና ሌላው ያቋረጠበት ቀን ምን ይመስላል? ፊልም ሠሪ ሆይ፣ ከዚህ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?

አንዱን ታሪክ ግን በለሆሳስ ነው የማነሣው። ታኅሣሥ 26 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ገና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ቀነኒሳ በቀለ ከእጮኛው ከዓለም ተጫለ ጋር በአዲስ አበባ ዳርቻ ልምምድ እየሮጡ ሳሉ ወደቀች፤ አልተነሣችም። ገና 18 ዓመቷ ነበር፤ በወጣቶች የዓለም ሻምፒዮና የ1,500 ሜትር አሸናፊ ነበረች። በዚያው መጋቢት ወር ቀነኒሳ ፈረንሳይ አገር በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አጭሩንም ረጅሙንም በሁለት ተከታታይ ቀን ሮጦ አሸነፈ። ይህ ታሪክ ፊልም ይሁን አልልም፤ በተለይ ፒያኖ ገብቶበት፣ ዝናብ ዘንቦበት፣ በቀስታ ተስሎ እንዳላየው እሠጋለሁ። የምለው ይህን ነው፤ ያን የመጋቢት ሩጫ የቴሌቪዥን ምስል ብታዩት ኢቺካዋ ያሳየንን ያንኑ ፊት ታያላችሁ። ምንም አይናገርም። «ወይ ይሩጥ፣ ወይ ያፍቅር» የሚለውን ሰው ወስዶ እዚያ ፊት ፊት ማቆም ነው።

እስካሁን ፍቅርን አሞግሼአለሁ። ሆኖም ሌላ ገጽታም አለውና እሱን ሳልነካ ብዘጋው በመንገዳችን ላይ ለሚሮጡት ልጆች እውነቱን አልነገርኩም። ብዙ ሴት አትሌቶች የሚለማመዱት በወንድ አሯሯጭ ነው። አሯሯጩ አንዳንዴ ባል ነው፤ ባል አንዳንዴ አሠልጣኝም፣ ማናጀርም፣ የባንክ ደብተር ያዥም ነው። ኬንያዊቷ አግነስ ቲሮፕ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ሴቶች ብቻ በሚወዳደሩበት የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ በ30 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። በወሩ ኢቴን በሚገኘው ቤቷ ተወግታ ሞታ ተገኘች፤ ዕድሜዋ 25 ነበር፤ በግድያው የተከሰሰው ባሏ ነው። እንግዲህ የፍቅር ፊልሞቻችንን በዚህ ዓይን መልሳችሁ እዩአቸው። ስልኳን የሚፈትሽ ወንድ «ስለሚወዳት» ነው። በር ላይ ቆሞ የሚጠብቃት «ስለማይችልባት» ነው። «እምቢ» ያለችውን ልጅ አሥር ጊዜ የሚመላለስባት መጨረሻ ላይ ያገባታል፤ አዳራሹም ያጨበጭባል። እኔም አጨብጭቤ አውቃለሁ። ሥራ የሌላት፣ ገንዘብ የሌላት፣ ጧት ተነሥታ የምትሄድበት የሌላት የፊልም ልጅ እንዲህ ብትወደድ ምናልባት የምታጣው ነገር አይታየንም። ሯጯን በእሷ ቦታ አስገቧት፤ ያን ጊዜ ቅናቱ ልምምድ የሚያስቀር፣ በሩ ላይ መቆሙ ውድድር የሚያሳልፍ፣ «የኔ ነሽ» ማለቱ የሽልማቱን ገንዘብ የሚጨምር መሆኑ ይታያል። ስፖርቱ ወደ ፍቅር ፊልም ቢገባ ሌላው ቢቀር ይህን ያጋልጥልናል።

ስለ አሯሯጭ ትንሽ ልጨምር፤ ነገሩ አልለቅ ብሎኛልና። አሯሯጭ ከፊት ነው የሚሮጠው። ነፋሱን ይሰብርላታል፤ ሰዓቱን ይጠብቅላታል። ዞሮ አያያትም፤ ቢዞር ፍጥነቱ ይበላሻል። እንዳለች የሚያውቀው በኮቴዋና በትንፋሿ ነው። ትንፋሿ ሲቆራረጥ ትንሽ ይቀንሳል፤ ሲስተካከል ይጨምራል። በውድድሩ ቀን ደግሞ እሱ የለም፤ አጥር ውጭ ነው፤ ሪባኑን የምትበጥሰው ብቻዋን ናት። ይህን ማን ፊልም አደረገው? ካፌም ጁስም አያስፈልግም፤ አንድ አስፋልት፣ ሁለት ሰው፣ ሃያ ደቂቃ የጀርባ ምስል። ጀርባውን እያየች ያለችው እሷ ናት፤ ካሜራው በእሷ ዓይን ይሂድ። ተመልካቹ ከአምስተኛው ደቂቃ በኋላ «ይዋደዳሉ?» ብሎ መጠየቁን ትቶ «ዛሬ ለምን ቀነሰ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህች ጥያቄ ከአንድ ሺህ «እወድሻለሁ» ትበልጣለች ባይ ነኝ። ፈላስፋው ይህን ሳነብለት «ሃያ ደቂቃ ጀርባ? ማን ትኬት ይቆርጣል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ግን እሱ መቼ ትኬት ቆርጦ ያውቃል!

ለማንኛውም የፊልም ክበባችን በሚቀጥለው ወር ምን ላሳይ እያለ እየጠየቀ ነው፤ ሐሳቤን እነሆ። የ«ቶኪዮ ኦሊምፒያድ»ን የማራቶን ክፍል አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከእሱ አያይዞ «ፕራይስ ኦፍ ላቭ»ን። ጫማ የምታየው ጓደኛችን ትምጣ፤ ልምምዷን ጨርሳ ከመጣች ከፊት ወንበር ይያዝላት።